ሐውልቶቹን እንመዝግብ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የአዲስ አበባን የመቃብር ታሪክ ለመሰነድ ያዘጋጀነው ረቂቅ እስካሁን ሥላሴ ካቴድራል ላይ ነው የቆመው። የሲልቪያ ፓንክረስት፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ የጥላሁን ገሠሠ መቃብር አለበት። ምን ይጨመር?

አባል ከጉለሌ፦
ልጄ፣ ለድካምህ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሥላሴ ያረፉት ስማቸው አይጠፋም። ሲልቪያ በ1953 የመስቀል ዕለት ማረፏ ተጽፎ ተቀምጧል። እኔን የሚያሳስበኝ የሰፈራችን ሰው ነው። እናቴ ያረፈችበት ደብር «አፅም አንሡ» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። እኛ የሰማነው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። አፅሟን ፉካ ውስጥ አስገባን። ስሟ የተጻፈበት ሐውልት ግን ተሰባብሮ ነበር። ፎቶ እንኳ አላነሣሁትም፤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

እዚሁ ጉለሌ የኮመንዌልዝ፣ ማለትም የእንግሊዝና የግዛቶቿ፣ ወታደሮች መቃብር አለ። በ1909 የተቋቋመው፣ መቃብሩን የሚጠብቀው ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ደስ ይለኛል፦ መኮንንም ተራ ወታደርም ድንጋያቸው እኩል ነው። እኛም ሀብታም ድሃ ሳንል እንመዝግብ።

አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
እትዬ፣ እናትዎን ነፍስ ይማር። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ለሁሉም ግን አልሠራም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ በኩል ተሰልፈው ያለቁ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችና ተሸካሚዎች ስማቸው ሳይጻፍ ቀርቷል። ኮሚሽኑ ራሱ በ2013 ይቅርታ ጠይቋል። እኛም ድንጋይ ብቻ ከቆጠርን ሐውልት ማሠራት ያልቻለውን እንዘለዋለን። የእሱ ስም ያለው ዕድር መዝገብ ላይ ነው።

አባል ከኮልፌ፦
የኮልፌው የሙስሊም መቃብርስ? ረቂቁ ውስጥ የለም። እዚያ ጽሑፍ የሌለው መቃብር ብዙ ነው። የዕድሩ መዝገብ ለእኛም ይበጃል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተስማምቻለሁ፣ ኮልፌም ገብቷል። ሥላሴን ወደ መጨረሻ አወረድኩት። መግቢያው እንዲህ ይሁን፦ «ሐውልትና ፉካ በፎቶ እንመዘግባለን፤ ከዕድር መዝገብ ጋር እናመሳክራለን። አፅም ከመነሣቱ በፊት ቤተሰብ በስልክ እንዲጠራ፣ ሐውልቱም ፎቶ እንዲነሣ እንጠይቃለን።» ደብዳቤው ለከተማ አስተዳደሩ ብቻ አይሄድም። ደብሮቹ የሚታዘዙት ለሀገረ ስብከቱ ስለሆነ ለእሱም እንጽፋለን። ለእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤትም እንዲሁ። እትዬ፣ የዕድራችሁን ዳኛ ያነጋግሩልን?

አባል ከጉለሌ፦
እሺ ልጄ። መዝገቡን የሚይዘው ጎረቤቴ ነው። ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።