በኢንተርኔት ማደን መከልከሉ ልክ ነው ወይስ ለታይታ?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕስ ትንሽ ይገርማችኋል። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ያለ አንድ ሰው "ላይቭ ሾት" የሚባል ድረ ገጽ ከፈተ። ራንቹ (ሰፊ የእርባታና የአደን መሬቱ) ላይ ጠመንጃና ካሜራ ተክሏል። ደንበኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ያነጣጥራል፤ ክሊክ ሲያደርግ እዚያ ይተኮሳል። በ2005 ቨርጂኒያ ቀድማ ከለከለች፤ ቴክሳስና ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ተከተሉ። አሁን ከ30 በላይ ስቴቶች ከልክለውታል። ልክ ናቸው? ስድብ የለም።

የዳላሱ፦ ለታይታ ነው ባይ ነኝ። ስንት ሰው አደነበት? በ2005 መጀመሪያ የባለቤቱ ወዳጅ ሞከረ፤ የዱር አሳማ አቆሰለ፤ የጨረሰው እዚያው የነበረው ባለቤቱ ነው። በቃ። ስቴቶቹ ግን ማንም የማይሠራውን ነገር ሲከለክሉ ዓመታት ፈጁ። ለፖለቲከኛ እንዲህ ያለ ድል ከየት ይገኛል? ተቃዋሚ የለው! የእንስሳት ተቆርቋሪዎቹም፣ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበሩ ኤንአርኤም፣ የአዳኞቹ ሳፋሪ ክለብም በአንድ ድምፅ አወገዙት። እነዚህ በሌላ ጊዜ ዓይንና ናጫ ናቸው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ተናገርከው እኮ። ባለቤቱ እዚያ ባይኖር ያ አሳማ ቆስሎ የት ይገባ ነበር? አዳኝ ካቆሰለ ደሙን ተከትሎ ይሄዳል። ሳሎኑ የተቀመጠው ምን ሊያደርግ ነው? ደግሞ ማንም ሳይሠራው መከልከል ነው የሚቀለው። ቢዝነሱ ከገነነማ ሎቢስት ይቀጥራል፣ "ሥራ ፈጥሬያለሁ" ይላል። ያኔ ማን ይነካዋል?

ጋሽ አርሲ፦ ልጆች፣ በእኛ አገር ገዳይ የሚፎከርለት አውሬው ፊት ስለቆመ ነበር። በዚህኛው ማን ሊፎክር ነው፣ ዋይፋዩ? የአሜሪካ አዳኞችም አውሬው የማምለጥ ዕድል ይኑረው የሚል የቆየ ደንብ አላቸው። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 ያቋቋሙት ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ዛሬም ይህንኑ ያስተምራል።

የዳላሱ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን። የማምለጥ ዕድል ካሉኝ እዚህ ቴክሳስ ያሉትን ባለ ረጅም አጥር ራንቾች መጥተው ይዩልኝ። አጋዘኑ ታጥሯል። ማሽን በሰዓቱ በቆሎ ይበትንለታል። አዳኙ ማማ ላይ ሆኖ በመነጽር አነጣጥሮ ይጥለዋል። ይሄ ሕጋዊ ነው! ዶላር ያለበት ስለሆነ ማንም አልነካውም።

ነርሷ፦ አካል ጉዳተኞችን ለምን እንረሳለን? የድረ ገጹ ባለቤትም ያነሳው መከራከሪያ ይሄው ነበር። ዕድሜውን ሲያድን ኖሮ አሁን ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀስ ሰው አለ። እሱን "ጫካ ካልሄድክ አይቻልም" ማለት ይከብደኛል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ እህቴ፣ ሕጉ እኮ በቦታው ተገኝ ነው የሚለው። ከዊልቸር ጋር የሚገጠም፣ አየር ሳብና እፍ ሲሉበት የሚተኮስ መሣሪያ አለ። ረዳት ይዞ መሄድ ይችላል።

ነርሷ፦ ዊልቸር ላይ መቀመጥ ለሚችለው። አልጋ ለያዘውስ?

ቀልደኛው፦ እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። "በስመ አብ" የሚባለው በማይክ ነው? ሥጋውስ በፖስታ ቤት ይመጣል?

አወያይ፦ 😂 ወደ ቁም ነገሩ። ዳላስ፣ አንድ ልጨምርልህ። ቴክሳስ ሕግ ማውጣት ያስፈለጋት ያለ ምክንያት አይደለም። የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ በመመሪያ ሊከለክል የሚችለው እንደ አጋዘን ያሉትን የአገሩን አውሬዎች ብቻ ነበር። የዱር አሳማውና ከውጭ የገቡት እንስሳት ከሥልጣኑ ውጪ ናቸው። ላይቭ ሾት ደግሞ ያስተኩስ የነበረው በእነሱ ላይ ነው።

የዳላሱ፦ እሺ፣ ቴክሳስ ይሁንላት። ራንቹ ያለው እዚህ ነው። ሌሎቹ ስቴቶች ምን ቤት ናቸው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ጠመንጃው ባልከለከለ ስቴት ቢተከልና ተኳሹ ሌላ ስቴት ቢቀመጥስ? ኢንተርኔት ድንበር አያውቅም። ስለዚህ እኮ ነው ኮንግረስም ረቂቅ የቀረበለት። ሳይጸድቅ ቀረ እንጂ።

ጋሽ አርሲ፦ እንግዲያው በየስቴቱ ከመልፋት አንድ የፌደራል ሕግ ይሻል ነበር።

የዳላሱ፦ ጋሼ፣ የፌደራሉን ያምጡ። አጥሩም አብሮ ይከልከልና እኔ ቀድሜ እፈርማለሁ።