በቴሌግራም የተሰበሰበ መጠይቅ፦ ዌይት (ለየመላሹ ክብደት) መስጠት ያድነዋል?

ተመራቂው
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ያሉ ከ18–29 ዓመት ወጣቶች ምን ያህሉ ሥራ እየፈለጉ እንደሆነ ለማጥናት ጎግል ፎርም በሦስት የቴሌግራም ቻናሎች ለቅቄ 1,200 ምላሽ አገኘሁ። ሁለቱ ቻናሎች ክፍት የሥራ ቦታ የሚለጥፉ ናቸው። ከመላሾቹ 78 በመቶው ወንዶች ናቸው። አማካሪዬ «በፆታና በዕድሜ ዌይት ስጠውና የስህተት ህዳጉን (ግምቱ ወዲህና ወዲያ ሊዛነፍ የሚችልበትን) ±2.8 በመቶ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ይበቃል? የምሠራው በአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ነው።

ሚዛን
ዌይት የፆታውን ያስተካክልልሃል፣ ግን ያስከፍልሃል። ለስሌት ያህል ወንድና ሴት እኩል ናቸው እንበል፦ የአንዲት ሴት ክብደት 0.50÷0.22 = 2.27፣ የአንድ ወንድ 0.50÷0.78 = 0.64። የክብደቶቹን ድምር ስኩዌር አድርገህ ለስኩዌሮቻቸው ድምር ስታካፍል (የኪሽ ቀመር) 824 ይመጣል፤ 1,200ው መላሽ የሚያወጣው የ824 ሰው ያህል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ±2.8 ሳይሆን ±3.4 ነው። ዕድሜና ትምህርት ስትጨምር ይብሳል። በአር «ሰርቬይ» ፓኬጅ ሬክ ካደረግክ (ክብደቱን በየተለዋዋጩ እየደጋገምክ ከሕዝቡ ድርሻ ጋር ካስማማህ) በኋላ ትልቁን ክብደት አውጥተህ እይ፤ አንድ መላሽ የ8 ወይም የ10 ሰው ያህል ከከበደ ምድቦቹን አዋህድ።

ቀጭን ናሙና
ስሌቱ ልክ ነው፤ ±3.4ቱም ግን የሚሠራው በዕጣ ለወጣ ናሙና ነው። ደግሞም ሰው ክፍት ሥራ ቻናል የሚገባው ሥራ ስለሚፈልግ ነው፤ አንተም የምትለካው እሱኑ። ከዚያ ቻናል የመጣችን የ24 ዓመት ሴት በ2.27 ስታባዛ ሥራ ፈላጊ አበዛህ እንጂ ቻናሉን ከፍታ የማታውቀውን እኩያዋን አላመጣሃትም።

ሰባተኛው ሴል
ተስፋ አታስቆርጡት እንጂ! በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምርጫ በኤክስቦክስ (የጌም ማጫወቻ) የተሰበሰበው ናሙና 93 በመቶው ወንድ፣ 65 በመቶው ከ18–29 ዓመት ነበር። በባለብዙ ደረጃ ሪግሬሽንና በድኅረ-ምደባ (ኤምአርፒ፦ ለየሴሉ፣ ማለትም በፆታ፣ በዕድሜና በመሳሰሉት ለተከፈለው ለየቡድኑ ውጤቱን ገምቶ በሕዝቡ ውስጥ ባለው ድርሻ መመዘን) ሲስተካከል ጥሩ ግምት ሰጥቷል።

ቀጭን ናሙና
እነሱ እኮ መላሹ በ2008 ማንን እንደመረጠና የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ ለውጤቱ ቅርብ የሆነ ተለዋዋጭ ነበራቸው። የየሴሉንም ድርሻ ከ2008ቱ የምርጫ ቀን መጠይቅ ወስደዋል። እኛ ጋ የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬዎቹ መላሾች ያኔ ሕፃናት ነበሩ። ለፆታ፣ ለዕድሜና ለትምህርት የስታቲስቲክስ አገልግሎትን የከተማ ሥራ ጥናት ጥሬ ዳታ ተጠቀም። የሥራ ሁኔታ ጥያቄውንም ከዚያው ቃል በቃል ውሰድ፤ ከዌይት በኋላ ያንተ ቁጥር ከእነሱ ምን ያህል እንደራቀ ታያለህ።

ሚዛን
እስማማለሁ። መልሰህ የምትበትነው ከሆነ ፎርሙን አስተካክል፦

— ለየቻናሉ የተለየ ሊንክ ስጥ። «የመጣህበት ቻናል» የሚል አጭር መልስ ጥያቄ ጨምረህ ቀድሞ የተሞላ ሊንክ አውጣለት። ሥራ ነክ ያልሆኑ ቻናሎችም ጨምርና ውጤቱን በየቻናሉ ለይተህ አቅርብ፤ በሰፊው ከተለያየ አንድ የከተማ አማካይ አትጻፍ።

— የልደት ቀን አትጠይቅ። የጎግል ፎርም ካላንደር የፈረንጅ ነው፤ ግማሹ 1994 ብሎ በእኛ ይሞላል፣ ግማሹ 2002 ብሎ በእነሱ። ሁለቱ አንድ ዓመት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በኋላ መለየት አይቻልም። «ዕድሜ በሙሉ ዓመት» ይበቃል።

— ባለ 5 አምድ ሰንጠረዥ ስልክ ላይ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሰው የሚታየውን ብቻ ይነካል። ጥያቄዎቹን ነጣጥላቸው።

— ጎግል ፎርም የሚመዘግበው የተላከበትን ሰዓት ብቻ ነው። በ40 ሴኮንድ የጨረሰውን መያዝ ከፈለግህ መነሻና መድረሻ ሰዓት የሚይዘውን ኮቦ የተባለ የመጠይቅ መሣሪያ ተጠቀም።