ለጥምቀት የሚበራ ጽሑፍ፦ አረንጓዴው ኤልኢዲ ለምን አልበራም?

ጥያቄ፣ ከአዘዞ
ሰላም ወገኖች። ለከተራ ማታ በራችን ላይ የሚሰቀል «ጥምቀት» የሚል ጽሑፍ በኮምፔንሳቶ ላይ እየሠራሁ ነው። 12 አረንጓዴ፣ 16 ቢጫና 16 ቀይ ኤልኢዲ አለው። ብልጭ ድርግም የሚያደርገው 555 አይሲ (ጊዜ የሚቆጥር ባለ 8 እግር ቺፕ) ነው፤ ኃይሉ ከ12 ቮልት አዳፕተር ይመጣል። ሁሉም በፓራለል (ጎን ለጎን) ተያይዘው በአንድ ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ዕቃ) ከአይሲው 3ኛ እግር ላይ ናቸው። ቀዩና ቢጫው ይበራል፣ አረንጓዴው ግን ጭራሽ እምቢ አለ። አይሲውም እጅ ያቃጥላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከማራኪ
ወንድሜ፣ አረንጓዴው ደህና ነው፣ አትጣለው። ቀይና ቢጫ በ2 ቮልት ገደማ ይበራሉ፤ ደማቁ አረንጓዴ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል። በፓራለል ሲታሰሩ ቀዩ ቮልቱን 2 ላይ ይይዘዋል፣ ለአረንጓዴው የሚተርፈው አይበቃውም። በየቀለሙ ለይተህ በሲሪየስ (አንዱን ከአንዱ አስከትለህ) እሰራቸው። ቀዩንና ቢጫውን አራት አራት አድርገህ ለየመስመሩ 270 ኦም፤ አረንጓዴውን ሦስት ሦስት አድርገህ 220 ኦም። 12 መስመር ይወጣሃል፤ በየመስመሩ 15 ሚሊ አምፔር ቢሄድ 180 መሆኑ ነው።

መልስ፣ ከአራዳ
180ም ለአይሲው ይከብደዋል፣ ጣሪያው 200 ነው። ቲፕ 122 ትራንዚስተር ጨምርበት፤ በአይሲው ትንሽ ከረንት ትልቁን ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ነው፣ እግሮቹ ቤዝ፣ ኤሚተርና ኮሌክተር ይባላሉ። 3ኛውን እግር በ1 ኪሎ ኦም ወደ ቤዙ፣ ኤሚተሩን ወደ ኔጌቲቭ፣ የመስመሮቹን ኔጌቲቭ ጫፍ ወደ ኮሌክተሩ። የመስመሮቹ ፖዘቲቭ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ይምጣ። ለፍጥነቱ ከ8 እስከ 7ኛው እግር 10 ኪሎ ኦም፣ ከ7 እስከ 6ኛው 68 ኪሎ ኦም፣ ከ6ኛው ወደ ኔጌቲቭ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር። 2 እና 6 ይገናኙ። በሰከንድ አንዴ ብልጭ ይላል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ! ሲመሽ በራሱ እንዲበራስ? ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰዓት ቆጣሪ ይሆናል?

መልስ፣ ከቀሃ ኢየሱስ
የሚሽከረከረው ዓይነት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆምና ሰዓቱን ይስታል። ኤልዲአር ይሻልሃል፤ ብርሃን ሲያገኝ ኦሙ የሚወርድ ሬዚስተር ነው። 4ኛውን እግር ከ8ኛው ፍታና በ100 ኪሎ ኦም ከፖዘቲቭ ጋር አገናኘው። ኤልዲአሩን ከ4ኛው ወደ ኔጌቲቭ አስገባ። ቀን ላይ የ4ኛው እግር ቮልት በጣም ይወርድና አይሲው ይቆማል፤ ሲመሽ ይነሣል። የኤልዲአሩን ፊት ከጽሑፉ አዙረው፣ አለበለዚያ የራሱ ብርሃን ያጠፋዋል።

አደራ፣ አዳፕተሩ ቤት ውስጥ ይቅር፤ ወደ ውጭ የሚወጣው 12 ቮልቱ ብቻ ይሁን። አይሲውን ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተተውና የሽቦውን መውጫ ከሥሩ ብሳ። ከላይ ከተበሳ ጠበል ሲረጭ ውኃው ሽቦውን ተከትሎ ይገባል።