ጎረቤቶቼን ማመስገን ፈልጌ ድግሱ ላይ ግራ ገባኝ፣ የወሎ ልጆች እርዱኝ

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖች፣ እኛ ለወንጌል አገልግሎት ከሆሳዕና ኮምቦልቻ የመጣን ቤተሰብ ነን፣ ባለቤቴ ወንጌላዊ ነው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሰሩ ልጆችን ተከራይተው የሚኖሩበት ድረስ እየሄደ ይጠይቃል፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ደሴ ያስተምራል (ጭጋግ ከሆነ እስኪመለስ ልቤ አይረጋም)። በቅርቡ ወለድኩ፣ እናቴ ሩቅ ናት፣ ያረሱኝ የግቢው ሴቶች ናቸው፣ ሙስሊሞቹም ኦርቶዶክሶቹም። አንዷ እማማ ጠዋት ጠዋት ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ይዘውልኝ ይመጡና ልጁን ታቅፈው ዱዓ ያደርጉለታል፣ እኔ ስፀልይ ደግሞ ዝም ብለው ይጠብቁኛል።

አሁን ሁሉንም ቤቴ ጠርቼ ማብላት እፈልጋለሁ ግን እንዴት ላድርገው? ለሙስሊሞቹ በጉን ሙስሊም ማረድ እንዳለበት አውቃለሁ፣ በኔ ድስት ቢሰራ ግን ይበሉታል ወይስ ድስቱም ወጥ ሰሪዋም ከነሱ ቤት ትሁን? በጉን ከነነፍሱ ወስጄ ብሰጣቸውስ ቅር ይላቸው ይሆን? ኦርቶዶክሶቹስ ጴንጤ ያረደውን ይበላሉ? ሁለት በግ ደግሞ አቅማችን አይደለም፣ የምንኖረው የላከችን ቤተክርስቲያን በምትሰጠን ድጋፍ ነው እሱም ይዘገያል። ባለቤቴ ሥጋውን ትተን ለሁሉም ሽሮና ምስር አንድ ላይ እናቅርብ ይላል፣ እኔ ግን ያን ሁሉ ቅቤ አብልተውኝ በሽሮ ልሸኛቸው ሆዴ እምቢ አለኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እናቶች ሰርግ ላይ እንዴት እንደምታደርጉት በዝርዝር ንገሩኝ፣ ረቡዕና አርብ ፆም ስለሆነ ቅዳሜ አስበናል።