የዲኤክስ የኋላ ቀኝ ታምቡር አልወጣ ብሎኛል፤ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራችውን የአባቴን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ የኋላ ፍሬን ሸራ ለመቀየር ተነሥቼ የግራውን ታምቡር (ሸራዎቹን የሚሸፍነውን ክብ ብረት) በቀላሉ ባወጣም፣ ቀኙ ሁለት ቀን ሙሉ አስቁሞኛል። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ፣ መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ካሳረፍኳት በኋላ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ። በታምቡሩ ፊት ላይ ባሉት ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች አስገብቼ ተራ በተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ሳጠብቃቸው ታምቡሩ ከዝገቱ ተላቆ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልነቃነቅ አለ።

በእኔ ግምት ሸራው ታምቡሩን ለዓመታት ሲበላው ጠርዙ ላይ ሳይበላ የቀረው ከንፈር ሸራዎቹን ይዟቸዋል። ስለዚህ ከኋላ ባለው ቀዳዳ በአንድ ካቻቢቴ ራሱን በራሱ የሚያጠብቀውን ምላስ ገፍቼ፣ በሌላው ኮከቡን (ሸራዎቹን የሚያሰፋውንና የሚያጠበውን ባለ ጥርስ ማስተካከያ) ለማላላት ብሞክርም ኮከቡ የዛገ ይመስለኛል፤ ፈጽሞ አይዞርም። የታምቡሩ ብረት ተሰባሪ በመሆኑ በመዶሻ አጥብቄ መምታቱን እፈራለሁ፤ እናቴን ሐኪም ቤት የምናመላልሰው በዚችው መኪና ስለሆነም ፍሬኗን በግምት መሥራት አልፈልግም።

ሸራዎቹን የሚይዙትን ቀጫጭን ፒኖች ከኋላ ቆርጬ ታምቡሩን ከነሸራው ባወጣው ሌላ ነገር እጎዳ ይሆን? መልሼ ስገጥምስ፣ ኮከብ ያለባቸው የግራና የቀኝ ማስተካከያዎች የብሎን ጥርሳቸው ተቃራኒ ስለሆነ፣ የየትኛው ወገን እንደሆኑ በምን ልለያቸው?