ስኮክፖልን ሃርቫርድ ለምን ከለከላቸው? የእኛስ 66 በእሳቸው ሚዛን ይለካል?

ጠያቂ፦ ለሴሚናር ነው። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር ቴዳ ስኮክፖል በ1979 (ዓ.ም. ካልተባለ ሁሉም እ.ኤ.አ.) ያን የሚያህል የአብዮት መጽሐፍ አሳትመው፣ በዓመቱ ሃርቫርድ ቋሚ ቦታ የነፈጋቸው ለምንድን ነው? ንድፈ ሐሳባቸውስ ለ66ቱ አብዮት ይሠራል?

ባለ_ቀይ_እስክርቢቶ፦ በመጽሐፉ ድክመት እንዳይመስልህ፤ የሁለት የሙያ ማኅበራት ሽልማት አግኝቷል። መጀመሪያ ቴኑር የሚሉትን ነገር (ቋሚ የመምህርነት ቦታን) እወቅ። እኛ ጋ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ዓመታት መቀመጥ ይቻላል፤ እዚያ ግን ጊዜው ሲሞላ ወይ ቋሚ ትሆናለህ ወይ ጓዝህን ትሸክፋለህ። የትምህርት ክፍሉ ድምፅ ይሰጣል፣ ከውጭ ምሁራን ደብዳቤ ይሰበሰባል፣ ማሰሪያው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነው። እሳቸው የወደቁት ገና ክፍሉ ላይ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቋሚ ሴት ፕሮፌሰር አልነበረውም። በጾታ አድልዎ ነው ብለው ለዚያው ለዩኒቨርሲቲው አቤት አሉ። 1981 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። 1984 የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ዴሪክ ቦክ ቋሚ ቦታ አቀረቡላቸው፣ የተመለሱት ግን 1986 ነው። ተማሪ ሁሌ እነዚህን ሁለት ዓመቶች ያምታታል።

የመሬት_ላራሹ፦ ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። መጽሐፉ ፈረንሳይን፣ ሩሲያንና ቻይናን ይዞ፣ አብዮት ያልፈነዳባቸውን ወይም የከሸፈባቸውን (ጃፓን፣ ፕሩሲያ) ለማነጻጸሪያ ያቆማል። ክርክሩ በሁለት እግር ይሄዳል፦ በውጭ ኃይሎች ፉክክር ተወጥሮ የሚፈርስ መንግሥት፣ ከታች ደግሞ የሚያምፅ ገበሬ። የእኛው አንዱ እግር ያነክሳል። ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ያመፀው ወታደር ነው፣ ያውም በምግብና በውሃ ጉዳይ። ከዚያ መምህሩ፣ ባለ ታክሲው፣ ተማሪው ተከተለ። የገጠር መሬት አዋጅ የመጣው ከላይ ነው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። ባሌና ጎጃም ቀደም ብለው አምፀዋል ብለህ ብትከራከር እሰማሃለሁ፤ ግን ዙፋኑን የጣለው ያ አይደለም። «ድህነት አብዮት ወለደ» ብለህ ከጀመርክማ አስተማሪው እዚያው ያስቆምሃል፤ መጽሐፉ የተጻፈው እንዲህ ያለውን አባባል ለመቃወም ነው።

ባለ_ቀይ_እስክርቢቶ፦ ትክክል፤ ግን የ1979ኙን ብቻ ይዞ ለ66 መለካት ስህተት ነው። በ1982 ስለ ኢራን የጻፉትን አንብብ። አብዮቱ ከተማ ውስጥ ነው፣ ገበሬው ዳር ነው፣ መንግሥቱ የሚኖረው በዘይት ገቢ ነው። እዚያ የርዕዮትንና የከተማ መረብን ሚና ራሳቸው አምነዋል። ለእኛ ጉዳይ ይኼ ይቀርባል፣ ዘይቱን ትተህ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልዝለለው?

ባለ_ቀይ_እስክርቢቶ፦ የ1992ቱን መጽሐፍ አትዝለል። አሜሪካ ለእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮችና ለእናቶች እንዴት ጡረታና ድጎማ መክፈል እንደጀመረች የሚተርክ ነው። አብዮት የለበትም፣ ጥያቄው ግን ያው መንግሥት ነው።