ካሜሮን ጓዶቹን ከድቷል ወይስ አልከዳም?

አወያይ፦ ትናንት ማታ የተጀመረችው ጭቅጭቅ አልበርድ ስላለች ለብቻዋ ላውጣት። ጆን ካሜሮን ስኮትላንዳዊ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ በ1872 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ኤይር ተወለደ። ለኩዊንስ ፓርክ፣ ለኤቨርተን፣ ከዚያ ለቶተንሃም ተጫወተ። በ1898 ለተጫዋቾች መብት የሚሟገት ማኅበር ሲቋቋም ጸሐፊው እሱ ነበር። በ1899 ደግሞ የቶተንሃም ተጫዋችም፣ አሰልጣኝም፣ የክለቡ ጸሐፊም ሆኖ አረፈው። በ1901 ኤፍ ኤ ካፕን (የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) አነሳ። ማኅበሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ከሰመ። የተጫዋቾች ተሟጋች የነበረ ሰው አለቃ ሲሆን ጓዶቹን ከዳ ይባላል? እስቲ ፍረዱ።

መድፈኛው (የአርሰናል ደጋፊ)፦ ምን ያጠያይቃል? ከድቷል! ትናንት ለተጫዋች መብት ሲሟገት የነበረ ሰው ዛሬ የክለቡን ቦርሳ ይዞ ደሞዝ ይደራደራል። ስፐርስ (ቶተንሃም) ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው። (እሺ፣ ትንሽ ነው።)

ስፐርሱ፦ ወንድሜ፣ ደንቡን ሳታይ አትፍረድ። ያኔ የእንግሊዝ ሊግ ክለቦች ተጫዋቹን አስረው ነው የሚይዙት። ውሉ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው ወደ ሌላ የሊግ ክለብ መሄድ አይችልም። ቶተንሃም ደግሞ የሚጫወተው ሳውዘርን ሊግ በሚባለው ሌላ የደቡብ ክለቦች ውድድር ውስጥ ነው፤ ደንቡ እዚያ አይደርስም። ካሜሮን አንዱን ከሰሜኑ የሊግ ክለቦች ሲያመጣ ሰውዬው ከእስር ተፈታ ማለት ነው። በማኅበሩ የጠየቀውን በሥራው አደረገው።

መድፈኛው፦ ቀዳዳ አግኝቶ ሾለከ በለኝ እንጂ። ማስፈታትና ማስኮብለል አንድ ሆነ እንዴ?

ጋሼ፦ ልጆች፣ ዋንጫውን እንዲህ በቀላሉ አትለፉት። ሊጉ በ1888 ከተመሠረተ ወዲህ ከሊጉ ውጪ ሆኖ ያን ዋንጫ የወሰደ ክለብ እስከ ዛሬ ቶተንሃም ብቻ ነው። ፍጻሜው ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ነበር። ከ110 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር 2 ለ 2 ወጡ፤ በሼፊልድ ሁለተኛ ጎል ላይ ኳሷ መስመሩን አላለፈችም ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ድጋሚው ቦልተን ላይ ሆነ። አሁንም ሼፊልድ ቀድሞ አገባ። አቻ ያደረገው ማን መሰላችሁ? ራሱ አሰልጣኙ! 3 ለ 1 አለቀ። ኮቱን ለብሶ ዳር ቆሞ የሚጮህ አለቃ አልነበረም፤ አብሯቸው ጭቃ ውስጥ ነበር።

ታዛቢዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጎሉ ለጥያቄው መልስ አይሆንም። ቡድኑን እዩት እስቲ። ከ11ዱ 5 ስኮትላንዳውያን፣ 2 የዌልስ ልጆች፣ 1 አየርላንዳዊ፣ 3 እንግሊዛውያን። ከእንግሊዞቹም የለንደን ልጅ የለበትም። እነዚህ ሁሉ ለለንደን ጭጋግ ብለው አልመጡም፤ የተሻለ እንጀራ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ካሜሮን ክለቦችን አስቀይሟል፣ ተጫዋቾችን ግን አልጎዳም። በ1901 የሳምንት ደሞዝ ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ጣሪያ የደፋባቸውም እሱ አይደለም፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ አስተዳዳሪው አካል (ኤፍ ኤ) ነው። እኔ የምከሰው በሌላ ነው። የማኅበር ጸሐፊ ተነስቶ አለቃ ሲሆን የቀሩት ማንን ይመኑ? ሰውዬው ክፉ ባይሆንም ወንበሩ ይቀየራል። ደሞዝ ጨምሩልን ብለው ሲመጡ የሚያገኙት ያንኑ ጓደኛቸውን ነው፣ ያውም ከጠረጴዛው ማዶ።

መድፈኛው፦ እኔም ማለት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ስፐርሱ፦ አልነበረም! ግን እሺ፣ የኋላ ታሪኩንም ተመልከቱ። ጀርመን ሄዶ የድሬስደንን ቡድን አሰለጠነ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እዚያው ያዘውና በርሊን አጠገብ ሩህሌበን ካምፕ ታሰረ። ዝነኛው እንግሊዛዊ አጥቂ ስቲቭ ብሉመርም እዚያው ነበር። እስረኞቹ የእግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ። ጸሐፊው ማን ሆነ? ካሜሮን! የትም ወስደህ ብትጥለው ማኅበር ውስጥ ነው የምታገኘው። ከዳተኛ እንዲህ ነው?

መድፈኛው፦ ካምፕ ውስጥማ ምን ያድርግ፣ ዝውውር የለ!